ጋሪው ፈረሱን ይጎትታል ላሉት መምህር

ለተከበሩ መምህር ወንዳወቅ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ማንኩሳ

ክቡር መምህር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉሮሮዎ ከጠመኔ ብናኝ፣ ዓይንዎ ከማንኩሳ አቧራ፣ ልብዎም ከትዕቢት ተጠብቆ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደሚሟሉ ተስፋ አለኝ። እኛም በደብሩ ያለነው ደህና ነን። የተማሪዎቼ ጎጆዎች፣ እርስዎ በክፍልዎ እንዳስረዱት፣ የሚገፋቸው እስካልመጣ ድረስ ባሉበት ቁመዋል።

ደብዳቤውን አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ጨዋነት እንደነበረ አላጣሁትም። ነገር ግን እርስዎ ተማሪዬን የወሰዱት በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ ስለሆነ፣ እኔም በግልጽነት እንዳላንስዎ ብዬ ዲያቆን ቂርቆስን በስልኩ ጽፎ በከተማችን ቴሌግራም ላይ እንዲለጥፈው አዝዤዋለሁ። ቂርቆስ የፊደል ግድፈት ቢያስገባ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእኔ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እኔ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ደብር የቅኔ መምህር ነኝ። ዲያቆን ገብረ ሕይወት ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ፣ እኔ ዘንድ ያደገ፣ ዛሬ በቅኔ ከሁሉም ተማሪዎቼ የሚበልጥ ወጣት ነው። የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ የሚያርም አስነጋሪ ላደርገው፣ ስደክምም ወንበሬን ላወርሰው አስቤ ነበር። በመካከሉ የከሰዓቱን ፈረቃ ዘጠነኛ ክፍል ልማር ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ትምህርት ትምህርትን አይጎዳም ብዬ ፈቀድሁለት። እዚያ መምህር ወንዳወቅን አገኘ። አሁን መምህር ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ፣ በሳይንስ የላቁ ተማሪዎች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ከፋሲካ በኋላ እንዲገባ ጽፈውለታል። ልጁ ግን «የኔታ ካልፈቀዱልኝ አልሄድም» ብሏል። ስለዚህ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው በእኔ አንደበት ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ። እርስዎ ቁጥር የሌለበትን ነገር እንደማያምኑ ነግረውኛል።

አንደኛ፤ ስለ ዕረፍት። ገብረ ሕይወት ከእርስዎ ክፍል በተመለሰ ሰሞን «ያረፈ ነገር ከውጭ የሚገፋው ካላገኘ እንዳረፈ ይኖራል፤ የሚሄድም ነገር የሚያቆመው ካላገኘ እንደሄደ ይኖራል» ብሎ ለጎጆ ጓደኞቹ ሲነግራቸው በአጥር ሰማሁት። ደስ አለኝ። ተማሪዎቼን በማለዳ በኩርኩም የምቀሰቅስበት ምክንያት ተጽፎ የሚገኝ ሕግ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ይኸው ልጅ ያዘጋጀውን ቅኔ ለእኔ በሚነግርበት በሠርክ ሰዓት ጠፋ። ሲፈለግ አስፋልቱ ዳር ቁሞ ተገኘ። ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት እንደሚደፋ ያይ ኖሯል። «ታዲያ ምን አየህ?» ብለው፣ «የኔታ፣ ባጃጁ ቆሟል፤ ሰውየው ግን ገና አልሰማም» አለኝ።

ያማረ አነጋገር ነው። በሌላ ነገር ላይ ቢናገረው ኖሮ እመርቀው ነበር። በባጃጅ ላይ ስለተናገረው ግን ምርቃቱ የእኔ ይሁን የእርስዎ ስላልታወቀኝ ወደ ጎጆው ሰደድሁት። ከዕረፍቱ ያስነሣው የውጭ ግፊት እርስዎ በመሆንዎ እጅግ አመሰግናለሁ። የሚያቆመው እስኪያገኝ እንደማይቆም የነገሩትም እርስዎው ስለሆኑ ድካሜን አቅልለውልኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ አጠራር። ገብረ ሕይወት እኔን «የኔታ» ሲለኝ መሬት መሬት ያያል። እንደ ሥርዓታችን ነው፤ አልከፋበትም። እርስዎን «ቲቸር» ሲል ግን ጥርሱ ይታያል። «ቲቸር እንዲህ አሉ፣ ቲቸር ከሁለተኛው ፎቅ ድንጋይና ብርቱካን ባንድነት ለቀቁ፣ እኩል ወደቁ» እያለ ምሳውን ይረሳል። እኔ ስንት ዘመን ከድንጋይ የሚከብድ ቃል ስለቅ ኖሬ አንድም ጊዜ ምሳ አላስረሳሁትም። ባለፈው ደግሞ ቅኔውን ሊነግረኝ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበርና፣ «ቲቸር፣ ሁለተኛው ቤት አልመታ አለኝ» ብሎ አረፈው። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። «ቀጥል» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ከጀርባዬ «ቲቸር ክንፈሚካኤል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለሰጡኝ ማዕረግ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥራ። ሥራ ማለት ጉልበት በተኬደው መንገድ ሲባዛ መሆኑን፣ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ሥራ እንዳልተሠራ፣ ሰው ግድግዳ ሲገፋ ቢውል እንኳ ላቡ ከንቱ እንደሆነ ማስተማርዎን ሰምቻለሁ። በዚህ መሠረት ተማሪዎቼ የእኔን ቀን መርምረው ውጤቱን ደርሰውበታል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ከወይራው ሥር ከተነጠፈው አጎዛ አልነቃነቅም። ስለዚህ ሥራዬ ባዶ ነው። ይህን ለገብረ ሕይወት ቅሬታ አድርጌ ባነሣበት፣ «አይ የኔታ፣ እሱ እኮ የፊዚክስ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ነው» ብሎ አጽናናኝ። በሽማግሌ ላይ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የሚያሳድር ትምህርት በማምጣትዎ ደስ ብሎኛል። እርስዎ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለሱ ስለሚውሉ ሥራዎ ሙሉ ነው። ተማሪዎቹ ከመጽሐፉ ገጽ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ ግን ፈተናው ይመልስልኝ።

አራተኛ፤ ስለ ቆጠራ። እርስዎ ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ስለሆነ በዚህ አልፈርድብዎም። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲያዘጋጅ፣ በእኛ ዘንድ «ቅኔ ይቆጥራል» ይባላል። አንድ ቀን ገብረ ሕይወት አርፍዶ ደረሰ። የት ነበርህ ሲሉት «ቅኔ ስቆጥር ቆይቼ ነው ቲቸር» አለ። እርስዎም በቅን ልቦና «እሺ፣ ስንት ደረሰ?» አሉት። ክፍሉ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እርስዎ ተማሪዎቹ የሳቁት በልጁ መስሎዎት «ብዙ ከሆነ ካልኩሌተር ተዋስ» ብለው ጨመሩበት። የሳቁት ግን በእርስዎ ነበር። ያልሳቀች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች ብሎኛል፤ በፊዚክስ ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው የራስዎ ልጅ ሜላት። አንገቷን ደፍታ ዴስኩን ትፍቅ ነበር አለ።

ስንት ደረሰ ለሚለው ጥያቄዎ እነሆ መልሱ፤ አንድ ደርሶ ነበር፤ እርስዎ ቀነሱት። እግረ መንገዴን ሌላ ቃል ልጨምርልዎ። በእኛ ቤት የበሰለ ተማሪ ቅኔውን ሳያመነታ ሲያወርደው «ዘረፈ» እንለዋለን። እርስዎ ሳያመነቱ ያወረዱት ተማሪውን ራሱን ነውና፣ ከቋንቋችን ሁሉ ሳይማሩት የገባዎት ይህ አንዱ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛ፤ ስለ ጋሪው። ሌላውን ሁሉ የጻፍሁት ወደዚህ ለመድረስ ነው።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት የኔታ ቴዎፍሎስ ከቡሬ መጥተው ነበር። የኔታ ቴዎፍሎስ የሰው ተማሪ አመስግነው የማያውቁ ሊቅ ናቸው። እኔም ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ገብረ ሕይወትን ነበር። ተነሥቶ አንድ ዘአምላኪየ ተቀኘ፤ ሦስት ቤት ናት። ሰሙ «ፈረሱ ጋሪውን በሚጎትትበት ልክ ጋሪውም ፈረሱን ይጎትታል፤ ፈረሱ መንገዱን የሚሄደው ምድር ረግጦ ስለቆመ ነው» ይላል። ወርቁ ደግሞ ሞትና ሕይወት በመስቀል ላይ መሳሳባቸውን፣ ሕይወትም ያሸነፈው ከእመቤታችን በነሣው ሥጋ በምድራችን ስለቆመ መሆኑን ይናገራል። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። እኔም አልሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብዬ።

ከአገልግሎት በኋላ ደጀ ሰላም ገብተን እንደተቀመጥን የኔታ ቴዎፍሎስ ወደ እኔ ዞሩ። «ክንፈሚካኤል፣ ወርቁስ መልካም ነው። ሰሙን አስረዳኝ። ጋሪ እንዴት አድርጎ ነው ፈረስ የሚጎትት?»

ክቡር መምህር፣ ሰሙ ታውቆ ወርቁ የጠፋበት ሰው በየጉባኤው ሞልቷል፤ ተማሪ የሚባለው እሱ ነው። ወርቁ በእጁ ገብቶ ሰሙ የጠፋበት መምህር ግን ከእኔ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም። «ይቅመሱ እንጂ የኔታ፣ ጠላው ሞቀ» አልኋቸው። እሳቸው የዋዛ አይደሉም፤ ልጁን ጠሩት። «ና እስቲ አንተ፣ ይኸን ከማን ነው የተማርኸው?»

«ወርቁን ከየኔታ፣ ሰሙን ከቲቸር» አለ፣ ጥርሱ እየታየ።

«ቲቸር ደግሞ የትኛው ደብር ነው ያለ?» አሉ የኔታ ቴዎፍሎስ። ደጀ ሰላሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ከእውቀት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ሰዎች «ወርቁ የአንተ ነው ተብሏል፤ ምን ጎደለህ?» ይሉኛል። ምንም አልጎደለኝ። ወርቅ በእጁ ጨብጦ በሰም የሚቀና ሰው አይቶ የማያውቅ ካለ ግን ማንኩሳ ብቅ ይበል፤ ከወይራው ሥር ያገኘኛል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ከተማ ወረድሁና ጋሪ ነጂውን ባዬን አገኘሁት። ዕድሜ ልኩን ከፈረስ ኋላ የኖረ ሰው ስለሆነ ሊቅ ፍለጋ ከዚያ ወዲያ መሄድ አላስፈለገኝም። «ባዬ፣ ጋሪው ፈረሱን ይጎትተዋል?» አልሁት።

«ኧረ የኔታ በማርያም!» አለ። «ጋሪው ቢጎትትማ ወደ ቡሬ ስነዳ ውዬ ፍኖተ ሰላም እገኝ አልነበር?»

ገበያተኛው ተሰብስቦ ይስቅ ጀመር። አንዷ «የኔታ ደግሞ ምን ነካቸው?» ስትል ሰማሁ። ልሄድ ስል ጋሪው ላይ ተሳፍራ የነበረች፣ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ ወረደችና እጅ ነሣችኝ። «የኔታ፣ ጋሪውን ይተዉት። የፈረሱን ኮቴ ይመልከቱ» አለችኝ። ባዬን አስነሣው አለችው፤ አስነሣው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኮቴው አፈሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ አቧራው ወደ እኔ ይመጣል፤ ፈረሱ ወደ ፊት ይሄዳል።

«ጋሪው ይጎትተዋል፤ እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው የሚከብደው» አለች። «እሱ ደግሞ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱ ያንኑ ያህል ወደ ፊት ይገፋዋል። መሬቱ የሚገፋው ጋሪው ከሚይዘው ሲበልጥ ይሄዳል። ጋሽ ባዬ፣ ክረምት ኮቴው ጭቃ ላይ ሲያዳልጥ የት ይደርሳል?»

ባዬ አሰበ። «የትም» አለ። «እዚያው ይረግጣል እንጂ።»

እንዲህ ነው፣ ክቡር መምህር፣ በገበያ መካከል፣ በፈረስ ጭራ በኩል ጎንበስ ብዬ፣ የገዛ ተማሪዬ ቅኔ ሰሙ የገባኝ። እንዲያ ሆኜ ያየኝ ሰው ሁሉ ፈረስ ልገዛ መስሎት ነበር።

አሁን ወደ መልሴ ልመለስ።

ገብረ ሕይወት ነገ የሚቀኘው በምን እንደሆነ አላውቅም። በሚዛን ሽቦ ይሆናል፣ በዘንግ ይሆናል፣ ከግንብ ላይ በሚለቋት ብርቱካን ይሆናል። እኔ ቁጭ ብዬ «ይበል» እላለሁ፤ ቤቱ ሲሰበር ቤቱን፣ ግሡ ሲሳሳት ግሡን አርማለሁ። ሰሙ ሲሳሳት ግን አላውቅበትም። የማያርሙትን ተማሪ ማስቀመጥ ደግሞ ማስተማር አይባልም፤ ማሰር ይባላል። ስለዚህ ፈቅጃለሁ። ፍኖተ ሰላም ይሂድ።

ይህን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። እኔም ከአጎዛዬ አልተነሣሁም። ጉልበት ነበረ፤ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም፤ በእርስዎ ሒሳብ ያን ቀን ሥራ አልተሠራም።

የፈቀድሁት ለእርስዎ ብዬ አለመሆኑን መቼም ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማንኩሳ ይመለስ፣ የቆጠረውን ይንገረኝ፣ እሑድ ያገልግል። ይህ እንዲፈቀድለት ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት፤ ለመውሰዱ የጻፈች እጅ ለመመለሱም አትዝልም። ሳምንቱን ሙሉ የእርስዎና የጓደኞችዎ ይሁን። እኔ በሁለት ቀን ያልያዝሁትን ተማሪ በሰባት ቀንም አልይዘውም።

ከዚህ በተረፈ መንገድዎ ሁሉ ይቅናዎ፤ ሌላውን መቅናት ለእኔ ይተዉልኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ከወይራው ሥር፣ ከአጎዛው ሳልነቃነቅ፣ በፊዚክስ ሚዛን ምንም ሳልሠራ ይህን ሁሉ የጻፍሁልዎ፣ ትሑት አክባሪዎና የወርቁ ባለቤት፤

መሪጌታ ክንፈሚካኤል
የቅኔ መምህር

ዳግመኛ፦ ኮቴውን ያሳየችኝን ልጅ ሳላመሰግን ልዘጋው ነበር። በዚያው በገበያው ውስጥ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላት፣ «ሜላት ወንዳወቅ» አለችኝ። ከዚያም «የኔታ፣ ሰሙን እኔ ነገርሁዎ፤ ወርቁንስ?» ብላ ቁማ ጠበቀችኝ። ነገርኋት። በማግሥቱ ጠዋት ደብተር ሳትይዝ መጣች፤ ከዚያም ወዲህ ቀርታ አታውቅም። የተቀመጠችው ገብረ ሕይወት በለቀቀላት የወይራው ሥር ላይ ነው። እኔ አልጎተትኋትም፤ ስበው የሚወስዱት ነገር ያንኑ ያህል ወዲያ እንደሚስብዎት የሚናገረው ሕግ ደግሞ የእኔ ሳይሆን የእርስዎ ነው። ቤተ መጻሕፍት ነበርሁ ትልዎት ይሆናል፤ አይቆጧት። ስትቆጥር ነበር። እርስዎም እንደ ልማድዎ ስንት ደረሰ ብለው ከጠየቁ፤ አንድ።